8×42 ባይኖኩላር ለትንሿ ግንደ ቆርቁር ይበቃል?

ሩፈስ ፒኩሌት ከማላይ ልሳነ ምድር እስከ ሱማትራና ቦርኒዮ ባሉ ደኖች የምትገኝ ግንደ ቆርቁር ናት፤ ርዝመቷ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ ግንድ ላይ ተለጥፋ አትጠብቅም። ከመሬት ብዙም ሳትርቅ በቀርከሃና በሐረግ መሃል ትሽሎከሎካለች። ባይኖኩላርም የሚፈተነው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው።

በባይኖኩላር ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ብዙ ሰው «የበለጠ ያቀርባል» ብሎ 10×42 ይገዛል። ለዚህች ወፍ ግን 8×42 ይሻላል። በ1000 ሜትር ርቀት 130 ሜትር ስፋት የሚያሳይ ባለ 8፣ በ5 ሜትር ላይ 65 ሴንቲ ሜትር ያሳያል፤ 110 ሜትር የሚያሳየው ባለ 10 ደግሞ 55 ብቻ። ልዩነቱ ከወፏ አካል ይበልጣል፤ እሷ ደግሞ አትረጋም! ብርሃኑም አለ፦ 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር፣ ለ10 ሲካፈል 4.2 ነው። ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ይህ ነው። ሲጠብ የወንዱን ቢጫ ግንባር ከሴቷ ቀይ ቡናማ ግንባር በጥላ ውስጥ መለየት ሊያስቸግር ይችላል።

ሻጩ ከሚነግረው ይልቅ የቅርብ ፎከሱን ራስዎ ይሞክሩ። ቆመው ጫማዎን ይመልከቱ፤ የክሩ ቋጠሮ ጥርት ብሎ ከታየ ይበቃል። ከ4 ሜትር ወዲህ የማያጠራ መሣሪያ ግን ወፏ አጠገብዎ ስትመጣ ከንቱ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው ምስሉ ከዓይን ሌንሱ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ ሙሉ የሚታይበትን ይምረጥ፤ አለዚያ ዙሪያው ይጠቁርበታል።

የ8×42 ጉድለት ክብደቱ ነው፤ አብዛኞቹ ከ600 እስከ 800 ግራም ይመዝናሉ። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ያደክማል፣ ስለዚህ በሁለቱ ትከሻ የሚያዝ ማንገቻ ይግዙ። 8×32 ይቀላል፤ የብርሃኑ ክብ ግን 4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ማለዳና አመሻሽ ላይ ይደክማል።

«ናይትሮጅን የተሞላ» የሚለው ጽሑፍ የሚከላከለው የውስጡን ጉም ብቻ ነው። ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ እርጥብ ሙቀት ሲወጣ የውጭው ሌንስ በጉም ይሸፈናል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በቦርሳው ውስጥ ሆኖ ይሙቅ። በሸሚዝ ጫፍ አይጥረጉት፤ አቧራው ሌንሱ የተቀባውን ስስ ሽፋን ይጭራል። መጀመሪያ አቧራውን በአየር መንፊያ ያራግፉ፣ ቀጥሎ በሌንስ ጨርቅ። ማታ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት የተከደነ ሳጥን ይደር፤ በደኑ እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ከበቀለ ሽፋኑን ይበላዋል፣ ቢጠረግም ጠባሳው አይለቅም።