ዱባይ ስትሄዱ፦ ጥሬ ዶላር ወይስ ካርድ?

እናቴ ለጉዞ ስትነሳ ዶላሯን በመሐረብ ቋጥራ፣ ከውስጥ ልብሷ ጋር በመርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች። ሌባ አይደርስበትም። ዴይራ ገበያ ላይ ዋጋ ለመከራከርም ጥሬ ገንዘብ ይመቻል። ምንዛሪውም አያሳስብም፤ 1 ዶላር ለዓመታት 3.67 ድርሃም ገደማ ነው። ግን ጥሬ ገንዘብ አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ካርድ ቢጠፋ ወዲያው ባንክ ደውሎ ማዘጋት ይቻላል። ስለዚህ ለሆቴልና ለትልቅ ግዢ ካርዱን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ብሎ ከጠየቃችሁ ድርሃምን ንኩ። ዶላርን ከመረጣችሁ በራሱ ምንዛሪ ያሰላና ብዙ ጊዜ ያስወድድባችኋል። ለታክሲና ለሻይ የሚሆን ጥቂት ድርሃም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ካርዱን ከቦርሳው ለይታችሁ ያዙት፤ የባንኩን ስልክም ወረቀት ላይ ጻፉት።