ለዴንቨርና ለአውሮራ ንግድ ቤቶች፦ የጋዝ ማሞቂያችንን በትክክል የሠሩልን ጋሼ

ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ሬስቶራንት፣ እንጀራ ቤት ወይም ሌላ ትልቅ ኩሽና ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። በጋዝ የሚሠራ የዳክት (አየር የሚያልፍበት የቆርቆሮ ቱቦ) ማሞቂያ የሚገጥምላችሁና የሚያስተካክልላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ የምጠቁማችሁ ባለሙያ አሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዛው ልጥራቸው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። እንጀራ ቤት ምጣዱ ብዙ ነው፣ ከላይ ያለው የጭስ መሳቢያ ሁድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አየር ወደ ውጭ ያወጣል። የወጣው አየር የግድ መተካት አለበት። የሚተካው ደግሞ የኮሎራዶ የክረምት አየር ነው። ስለዚህ ጣሪያ ላይ አየር የሚያስገባ ፋን ይተከላል፣ ከፋኑ ቀጥሎ ዳክቱ ላይ ማሞቂያው ይገባል። ይህ ማሞቂያ እንደ ቤታችን ፈርነስ የራሱ ፋን የለውም። ፋኑ የገፋለትን አየር ነው የሚያሞቀው፣ አየሩ በልኩ ካልመጣለት እሱም በልኩ አይሠራም።

የእኛን መጀመሪያ የገጠመው ሌላ ሰው ነበር። ገጠመ፣ አበራ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ሙቀት ግን የለም። ጥቂት ይነድና ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ቀጥ። የሚጋግሩት እህቶች ጃኬት ለብሰው ነበር የሚሠሩት። ሊጡ በሰዓቱ አልቦካ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ እያለ ደንበኛ ማስቀየም ጀመርን። የፊት በሩ እንኳ በአየር ተስቦ በአንድ እጅ አልከፈት ብሎ ነበር። ሰውየው ሲደወልለት መልሱ "ቴርሞስታቱን ከፍ አድርጉት" ብቻ ነው።

ጋሼ ሲመጡ ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። በቀጥታ ጓዳ ገቡና የውሃ ማሞቂያችን ጭስ ማውጫ ሥር ትንሽ ጭስ የምታወጣ ነገር ያዙ። ጭሱ ወደ ላይ መሄድ ሲገባው ተመልሶ ወደ እኛ መጣ። "አየሽ ልጄ፣ ሁዱ የሚስበው አየር ሲያጣ ከዚህ ይስባል። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ሰው እየተመለሰ ነው" አሉኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። እኛ ስለ ብርድ ስንጨነቅ ከዚያ የከፋ ነገር አጠገባችን ነበር። ሁዱን አስጠፉ፣ በሮቹን አስከፈቱ፣ የውሃ ማሞቂያውን ጋዝ ዘጉ፣ ይህ ሳይስተካከል ምጣድ አይለኮስም አሉ። ትእዛዝ የበዛበት ቀን ነበር፣ ቢሆንም ማንም አልተከራከራቸውም።

መንስኤውን ጣሪያ ላይ አገኙት። የፋኑ ቺንጋ ላልቶ መዞር ያለበትን ያህል አይዞርም፣ ሁዱ የሚያወጣውን ያህል አየርም አያስገባም። ይህንን አስተካክለው በጭሱ ደግመው ፈተሹ። በዚህ ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

ቀጥሎ ወደ ማሞቂያው። አውሮራ ከባሕር ወለል በላይ 5,400 ጫማ ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ላይ ባቄላ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የምታውቁ ከፍታ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። አየሩ ስስ ነው፣ ኦክሲጅኑም ያንሳል። ማሽኑ ከፋብሪካ የመጣው ለዝቅተኛ ቦታ ተዘጋጅቶ ነው፣ የገጠመውም ሰው እንዳለ ተወው። ጋዙ ለአየሩ በዛ። እሳቱ ሰማያዊ መሆን ሲገባው ቢጫ ነበር፣ ጥቀርሻም መያዝ ጀምሯል። መመሪያው ከ2,000 ጫማ በላይ ለሆነ ቦታ ከባሕር ወለል ጀምሮ በየ1,000 ጫማው የማሽኑን የጋዝ መጠን 4 በመቶ ቀንሱ ይላል። ለእኛ ከ21 በመቶ በላይ መሆኑ ነው፣ በሰዓት 250 ሺህ ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የተጻፈበት ማሽን እዚህ ወደ 196 ሺህ መውረድ ነበረበት። ጋሼ ጋዙ የሚወጣባቸውን ትንንሽ የነሐስ አፎች በሙሉ ፈትተው፣ አምራቹ ለከፍታ ብሎ ባዘጋጃቸው፣ ቀዳዳቸው ጠበብ ባለ ቀየሯቸው።

ከዚያ ምጣዶቹን ሁሉ አስለኮሱን። ሁሉም እየነደደ ነው የመስመሩ ግፊት ልኩ የሚታወቀው አሉ። ማኖሜትራቸውን፣ ማለትም የጋዝ ግፊት መለኪያቸውን፣ ሰክተው ወደ ማሽኑ የሚገባውን ለኩ፣ ቀጥሎ እሳቱ ወደሚነድበት በርነር የሚሄደውን። የኋለኛው በእኛ ማሽን 3.5 ኢንች የውሃ ግፊት (የጋዝ ግፊት የሚለካው በዚህ ነው) መሆን ሲገባው ከዚያ በልጦ ተገኘ። ቫልቩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ ነካ እያደረጉ፣ ቁጥሩን እያዩ፣ 3.5 ላይ አቆሙት። በዚህም አልበቃቸውም። ሌላውን ጋዝ ሁሉ ዘግተው ውጭ ቆጣሪው ጋ ሄዱ። በዚያ ብርድ ጓንታቸውን አውልቀው ትንሿ መርፌ አንድ ዙር እስክትጨርስ በስልካቸው ሰዓት ያዙ፣ ገብተው አሰሉ፣ ማሽኑ በሰዓት ስንት ጋዝ እንደሚበላ ከቆጣሪው አረጋገጡ። እኔ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

ያ ቀጥ የማለቱ ነገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው። ዳክቱ ልክ ማሞቂያው አፍ ላይ ሲደርስ ስለሚታጠፍ አየሩ በአንድ ጎን ብቻ ያልፋል፣ ሌላው ጎን አየር አጥቶ ከልክ በላይ ይግላል፣ ከልክ ያለፈ ሙቀት የሚከላከለው ስዊች እሳቱን ይቆርጣል። እንዲህ ሲሆን ስዊቹን ዘለው ሽቦ በሽቦ የሚያገናኙ አሉ። እባካችሁ፣ ያንን የሚያደርግ ሰው ደጃችሁ አይድረስ! ጋሼ መታጠፊያው ውስጥ አየሩን እኩል የሚያከፋፍሉ ቆርቆሮዎች ገጠሙ። ከማሞቂያው በፊትና በኋላ ቴርሞሜትር ሰክተው ሲያሳዩኝ 20 ፋራናይት ሆኖ የገባው አየር 70 አካባቢ ሆኖ ይወጣል። በመጨረሻ የጭሱን ጋዝ በመሣሪያ መርምረው፣ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ለፍሳሽ ፈትሸው፣ ፋኑ ካልነፈሰ ማሞቂያው እንደማይነሳ ፊታችን አጥፍተው አሳዩን።

የለኩትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ማሽኑ አጠገብ ለጥፈውልናል፣ የከተማው ኢንስፔክተር ሲመጣም ቆመው አስፈትሸዋል። ላይሰንስ አላቸው፣ ፐርሚት ሳይወጣ ሥራ አይጀምሩም። ዋጋቸው ከመንደሩ ርካሽ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። ግን አስቀድመው በጽሑፍ ይሰጣሉ፣ ከዚያም አንድ ሳንቲም አልጨመሩብንም። ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ጣሪያ ላይ ናቸው። መልእክት ተዉላቸው፣ ማታ ራሳቸው ይደውላሉ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። በእኔና በሚጋግሩት እህቶች ስም እጅግ አድርገን እናመሰግናለን፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። ሊጡ አሁን በሰዓቱ ይቦካል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልካለሁ። ብርዱ ከገባ በኋላ ወረፋቸው ስለሚበዛ ማሽናችሁን ማስፈተሽ የምታስቡ በሴፕቴምበር ብትደውሉ ይሻላል።