ልጄ ሰነፍ አለመሆኑን ላሳዩኝ ሰዎች፦ ምስጋና ከኮሎምበስ

ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ወራት ቆየሁ። ነገሩ የካካ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ስለ ካካ በአደባባይ አይወራም። ባለፈው እሁድ ግን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብላ «ያንቺን ልጅ የት አሳከምሽው?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት እንደዚያው በሹክሹክታ ነበር የምጠይቀው። ስለዚህ ይኸው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሆድ ድርቀት ነበረበት። ሳምንት፣ አንዳንዴም አስር ቀን ሳይወጣ ይቆያል። ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ ሳያውቀው ሱሪው ላይ ያመልጠዋል። እኔ ተቅማጥ መስሎኝ ነበር። ለካ የደረቀው አንጀቱን ዘግቶት፣ ቀጭኑ በጎን በኩል እያለፈ ነው። ሲያመልጠው እንኳ ልጁ አይሰማውም።

ያልሞከርነው የለም። ተልባ፣ ፓፓያ፣ አብሽ። እማዬ ከአዲስ አበባ እየደወለች «ጉሎ ዘይት ስጪው» ትለኛለች። ሐኪም ያዘዘውን የሆድ ማለስለሻ ዱቄት በጁስ እየበጠበጥን ዓመታት አጠጣነው። አንድ ሐኪም «ሽንት ቤት መሄድ ሰንፎ ነው፣ ጠበቅ አድርጊው» አለኝ። ጠበቅ አደረግኩት። አንድ ቀን መታሁትም። ይህን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ ሪፈራል አግኝተን እዚሁ ከተማችን ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ያለው ኔሽንዋይድ ችልድረንስ የሚባለው የልጆች ሆስፒታል፣ ሞቲሊቲ ሴንተር ገባን። ሞቲሊቲ ማለት የአንጀት እንቅስቃሴ ነው። የበላነው ዝም ብሎ አይወርድም፤ አንጀት እየጨመቀ ነው የሚገፋው፤ ለዚህም የራሱ ነርቭ አለው። ነርቩ ወይም ጡንቻው ካልሠራ ተልባ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው በሽታ አለመሆኑን አጣሩ። እሱ ልጆች ይዘውት የሚወለዱት ነው፤ የአንጀቱ ጫፍ የነርቭ ሴል ሳይኖረው ይቀራል። በፊንጢጣው ትንሽ ፊኛ አስገብተው ሲነፉት መውጫው መላላት አለበት። የልጄ ላላ፤ እሱ አይደለም ተባለ። (አራስ ያላችሁ ግን ይህን ያዙልኝ፦ ሕፃኑ በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ካካ ካላወጣ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰው ነገ አትበሉ።)

ቀጥሎ ኮሎኒክ ማኖሜትሪ የሚባለው ምርመራ መጣ። ሆስፒታል አስተኝተው አንጀቱን አጠቡት። በማደንዘዣ ቀጭን ቱቦ ወደ ትልቁ አንጀቱ አስገቡ፤ ቱቦው ግፊት ይለካል። ከነቃ በኋላ ለሰዓታት አልጋ ላይ ሆኖ ስክሪኑን እናያለን። መሀል ላይ ምግብ መብላት አለበት፤ አንጀት ከምግብ በኋላ ሲነሳ ለማየት ነው። ነርሷ ቀደም ብላ ምን እንደሚወድ ጠይቃኝ ነበር። «እንጀራ በዶሮ አልጫ» ስላት «እሱን አምጪለት፣ ጠግቦ እንዲበላ ነው የምንፈልገው» አለች። ክፍሉ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ።

በላ። የትልቁ አንጀት የላይኛው ክፍል ተነሳ፣ ስክሪኑ ላይ ተራራ ተራራ ሠራ። ግራ በኩል ሲደርስ ጸጥ። በቱቦው የሚያነሳሳ መድኃኒት ሰጡት። አሁንም ላይኛው ገፋ፣ ታችኛው ዝም።

ነርሷ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን በጣቷ እያሳየች ለእሱ በእንግሊዝኛ አስረዳችው። አስተርጓሚው ገና መስመር ላይ አልገባም ነበር። ልጄ ዞር ብሎ በአማርኛ «እማ፣ እኔ አይደለሁም አለች፤ ሆዴ ነው» አለኝ። ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ።

መፍትሔው በቀኝ በኩል ሆዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ወደ ትልቁ አንጀት መነሻ የምትገባ ክዳን ያላት ቱቦ ማስቀመጥ ነበር። «ሆዱን አትበሱትም» ብዬ እምቢ አልኩ። ማንም አልገፋኝም። ነርሷ ያቺው ቱቦ የተገጠመላት አሻንጉሊት አምጥታ ልጁ ራሱ ውኃ እንዲያስገባባት አደረገች። እሱ ከእኔ በፊት እሺ አለ። አሁን ማታ ማታ የታዘዘውን ጨዋማ ውኃ እናስገባለን፣ አንድ ሰዓት ገደማ ሽንት ቤት ይቀመጣል፣ ያበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲቆርጠው ስደውል ነርሷ «ውኃው ቀዝቅዞ ወይም ፈጥኖ ገብቶ ይሆናል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አሙቀን ቀስ ስናደርገው ተወው።

ድኗል አልልም። ታችኛው አንጀት ከጊዜ በኋላ ሊያገግም ስለሚችል ወደፊት እንደገና ይለኩታል።

ነርሷ ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ፤ አስተርጉመው ሲያነቡላት ራሷን ታውቃለች። እግዜር ይስጥልኝ። በስልክ ያስተረጎመልን ወንድማችንንም እንዲሁ፤ ስለ ፊንጢጣ ሲያወራ አንዴም አልተሽኮረመመም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከልጃችሁ ሐኪም ሪፈራል ጠይቁ፤ «ዱቄቱን ቀጥሉ» ካሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። የወጣበትን ቀን፣ ያመለጠውን፣ የበላውን ጽፋችሁ ሂዱ፤ የእኔን ደብተር ገጽ በገጽ ነው ያዩት። የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ ቀጠሮ ስትይዙ ንገሯቸው። ልጁን አታስተርጉሙት። ኢንሹራንሳችን አንዴ አልከፍልም ብሎ ነበር፤ ሐኪሞቹ ደብዳቤ ጽፈው ተፈቀደ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ችልድረንስ ናሽናል የሚባለውን የልጆች ሆስፒታል ጠይቁ።

ቅያሪ ሱሪውን ከትምህርት ቤት ቦርሳው ያወጣሁት በመስከረም ነው። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማታ ማታ እሱ ሽንት ቤት ሲቀመጥ እኔም ደጅ ላይ ስለምቀመጥ እመልሳለሁ።