ታይመሩ «አልቆለታል» የተባለው አሮጌ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት ብዙም አይርቅም። ውሃ በፈረቃ፣ መብራት እንደ ፈቃዱ። እንዲህ ባለ ሰፈር የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ ያውም በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራ፣ ምን ይፈይዳል የሚል ካለ አልፈርድበትም። መልሴን ላስቀድም፦ ማሽኑን ወድጄዋለሁ። የወደድኩበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ያየው ሰው ሁሉ «ነቅለህ ጣለው» ያለኝ፣ የእጥበቱን ደረጃዎች በየተራ የሚያስኬደው ማዞሪያ ታይመር ነው።

የገዛሁት አገር ለቀው የሚሄዱ የውጭ ዜጎች የቤት ዕቃቸውን ሲሸጡ ነው። አውሮፓ ሠራሽ፣ ከባድ፣ ውስጡ በሙሉ የማይዝግ ብረት። በሩ ጠርዝ ላይ ያለችው ታርጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ትላለች። ይህችን ታርጋ ሳታነቡ እንዳትገዙ፤ እንዲህ ባለ ሽያጭ ላይ የአሜሪካ ማሽንም ይገኛል። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ታስተካክላላችሁ፣ ኸርትዙ ግን ያው የኛው 50 ነው። የታይመር ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከኸርትዙ ስለሆነ፣ እዚያ 50 ደቂቃ የሚፈጀው እጥበት እዚህ 60 ደቂቃ ይሆናል፤ ውሃ የሚገፋው ሞተርም ይደክማል።

ሻጮቹ «ታይመሩ ትንሽ ያስቸግራል» ብለው ነው ዋጋውን የቀነሱልኝ። ችግሩ ይሄ ነበር፦ ማሽኑ ውሃ ይስባል፣ መርጨት ይጀምራል፣ ከዚያ ማዞሪያው አንድ ቦታ ላይ ይቆምና ካላጠፋችሁት በቀር ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭ ይውላል። ቤት ድረስ የጠራሁት ልጅ ገና ከማየቱ «ጋሼ፣ ታይመሩ አልቆለታል፤ እንዲህ ዓይነት አሁን አይሠራም፤ ቦርድ እንግጠምለት» አለኝ፤ ቦርድ ያለው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያውን ነው። ሌላኛው ባለሙያም ከዚህ የተለየ አልተናገረም። ጎረቤቴ ደግሞ ቆራሌው ሲያልፍ እንድጠራው መከረኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ደህና ማሽን የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነውና። ታይመሩ ውስጥ ያለው ነገር ቀላል ነው። ጥቂት ዋት ብቻ የምትበላ ትንሽ ሞተር አለች። የሞተሯን ፍጥነት የሚቀንሱ ጥርሶች አሉ። በጥርሶቹ የሚዞር፣ እንደ በቆሎ ራስ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ የፕላስቲክ ከበሮ አለ። ጉብታዎቹ ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ኮንታክቶች (የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች) ይገጥማሉ፣ ይላቀቃሉ፤ አንዱ ለውሃ መግቢያው ቫልቭ፣ አንዱ ለሚረጨው ሞተር፣ አንዱ ለማሞቂያው፣ አንዱ ለማፍሰሻው ፓምፕ፣ አንዱ የሳሙናውን ክዳን ለሚከፍተው። «ፕሮግራም» የሚባለው ይኸው ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በብዙ የአውሮፓ ማሽኖች ላይ ታይመሩ ማሞቂያው ጋ ሲደርስ ሆን ተብሎ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ እስኪደርስ፣ የኔው 65 ዲግሪ ነው፣ የውሃውን ሙቀት የሚጠብቀው ቴርሞስታት ለታይመሯ ሞተር መብራት አይለቅላትም። ሲደርስ ይለቃል፣ ከበሮው ይቀጥላል። እንግዲህ ውሃው በሆነ ምክንያት ካልሞቀ ታይመሩ ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቃል። እየጠበቀ ያለን ታይመር የተበላሸ ነው ብሎ መንቀል ጥፋቱን ባልሠራው ላይ መጫን ነው።

የሚለየውም በቀላሉ ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ማዞሪያውን በሰዓት አቅጣጫ ብቻ (ወደ ኋላ ማዞር ምላሶቹን ያጣምማል) ከቆመበት አሳልፉትና አብሩት። የኔው ማሞቂያውን እንዳለፈ ቀጭ ቀጭ እያለ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሞተሯ በሕይወት አለች ማለት ነው።

ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዤ ወረድኩ። የ2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 24 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት፤ አሳየ። ቴርሞስታቱን አውጥቼ ምድጃ ላይ በተጣደ ውሃ ፈተንኩት፤ እሱም በሰዓቱ ገጠመ። የቀረው የታይመሩ ማሞቂያ ኮንታክት ነበር። የበሩን ፊት በካቻቢቴ ፈትቼ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ከየትኛው እግር ላይ እንደወጣ በስልክ ፎቶ አንስቼ ታይመሩን ስከፍተው አንዷ ኮንታክት እንደ ከሰል ጠቁራለች፣ ዙሪያዋ ያለው ፕላስቲክም ቡናማ ሆኗል። ሌሎቹ ግን ያብረቀርቃሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። 2,000 ዋት ማለት 9 አምፔር ነው፤ ሌሎቹ ኮንታክቶች ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚሸከሙት። በገጠመችና በተላቀቀች ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ፤ ከአርባ ዓመት ብልጭታ በኋላ ምን ይጠበቃል? በጥፍር ሞረድ ቀስ ብዬ ጠረግኳት። የብርጭቆ ወረቀት አልነካኋትም፤ ላይዋ ላይ ያለው ብር ስስ ስለሆነ ከነጥቀርሻው ይሄዳል። ማጽዳቱ ብቻውን ማሽኑን ሥራ አስጀመረው። ይሁንና ብሯ የሳሳ ኮንታክት መልሳ መጥቆሯ አይቀርም። ስለዚህ ለውሃ ፓምፕና ለወፍጮ ሞተር የሚገጠመውን ዓይነት ኮንታክተር፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ከባዱን የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች፣ ከመርካቶ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገዝቼ ማሽኑ ግርጌ፣ ውሃ ከማይደርስበት ጥግ አሰርኩት። አሁን የታይመሩ ኮንታክት የምታዘው ኮንታክተሩን ብቻ ነው፤ 9 አምፔሩ በኮንታክተሩ በኩል ያልፋል። ሳሎን ተቀምጬ «ጧ» ሲል ስሰማ ማሞቅ መጀመሩን አውቃለሁ።

ይህን የሚሞክር ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የኮንታክተሩ መጠምጠሚያ (ኮንታክተሩን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ) መብራት የሚያገኘው የውሃውን መጠን ከሚለካው ስዊች በኋላ መሆን አለበት፤ ያ ከታለፈ ማሞቂያው ባዶ ገንዳ ውስጥ ይግላል። ሁለተኛው የመሬት መስመር ነው። በዳር ሰፈር ብዙ ቤት ሦስተኛው ሽቦ ሶኬቱ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ መሬት ድረስ አይሄድም። ብረት፣ ውሃና መብራት አንድ ላይ ባሉበት ዕቃ ይህ ቀልድ አይደለም። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ የመሬት ዘንግ አስቀብሬ፣ መብራት ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር አስገጥሜ ነው ሥራ ያስጀመርኩት።

በነገራችን ላይ ምናለሽ ተራም ምትክ ታይመር ፍለጋ ወርጃለሁ። የልብስ ማጠቢያ ታይመር ሞልቷል፤ ከውጭ ሲያዩት ቁርጥ የኔውን ይመስላል። ከበሮው ላይ ያለው የጉብታ አደራደር ግን ለየሞዴሉ የተለየ ስለሆነ «ይገጥማል» ቢሏችሁም አይሠራም። ትንሿ ሞተር ብቻዋን ግን ቮልቷ፣ ኸርትዟ፣ የምትዞርበት አቅጣጫና ፍጥነቷ ከገጠመ ልትሆን ትችላለች። አንድ ለክፉ ቀን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

እንግዲህ ወደ አጠቃቀሙ።

መብራት ሲጠፋ ከበሮው ባለበት ይቆማል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ውሃው ቀዝቅዞ ከሆነም ታይመሩ እንደገና እስኪሞቅ ይጠብቃል። አዲሶቹ በቦርድ የሚሠሩት ላይ ግን አንዳንዶቹ ፕሮግራሙን ሰርዘው ውሃውን ያፈሳሉ፤ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ያ ያበሳጫል። መብራት ተመልሶ ሲመጣ በሚፈጠረው የቮልት መዝለልም ቶሎ የሚመታው ቦርዱ ነው። ቮልት ሲወርድም ያው ነው፦ ማታ ማታ ቴስተሬ 180 ያሳያል፣ በ180 ቮልት ደግሞ የ2,000 ዋቱ ማሞቂያ ወደ 1,340 ዋት ይወርዳል። 10 ሊትር ውሃ ከ17 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ በሙሉ ቮልት 17 ደቂቃ የሚበቃው ያኔ 25 ይፈጃል። በሰዓት ብቻ የሚሄድ ማሽን ቢሆን ኖሮ ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ይጨርስ ነበር። የኔው ይጠብቃል።

ከምጣድ ጋር ግን አብሮ አይበራም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ እንጀራ እየተጋገረ ማሽኑ ማሞቅ ከጀመረ ብሬከሩ ይወርዳል። እኛ ቤት በሚጋገርበት ቀን ዕቃ የሚታጠበው ምጣዱ ከወጣ በኋላ ነው።

የውሃው ነገር። ከሮቶ ነው የምሰጠው። 10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ሮቶዬ የተቀመጠው 3 ሜትር ላይ ስለሆነ የማገኘው 0.3 ባር ብቻ ነው፣ ይህም ለመግቢያው ቫልቭ ለጥቂት የሚበቃ ነው። ውሃ መሳቡ ቀርፋፋ ነው፤ የቱቦው አፍ ላይ ያለችው ወንፊት በደለል ስትደፈን ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። በየጊዜው አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ነው። በአንድ እጥበት ወደ 35 ሊትር ይጨርሳል፤ አዲሶቹ 10 እና 12 ሊትር ከሚፈጁት ጋር ሲወዳደር ብዙ ነው። በሳፋ አጥቦ ሁለት ጊዜ ከማለቅለቅ ጋር ግን ያን ያህል አይራራቅም።

እናቴ ከማሽኑ ጋር እስካሁን አልታረቀችም። ደርቆ የተጣበቀ ሽሮና የእንጀራ ፍርፋሪ አስቀድሞ ካልተጠረገ ማጣሪያውን ስለሚደፍነው ሳህኖቹን ውሃ አሳይቼ ነው የማስገባው። ይህን ስታይ «ዕቃ ለማሳጠብ ዕቃ ማጠብ፣ ልጄ፣ ምን የሚሉት ነው?» አለችኝ። መልስ የለኝም። የቅቤና የዘይት ቅባት ግን በ65 ዲግሪ ውሃ እንዴት እንደሚለቅ በእጅ ማጠብ አይደርስበትም፤ የዶሮ ወጥ ሳህን ሲወጣ ይንቋቋል።

የማይገቡ ነገሮች አሉ። የእንጀራ ትሪ በስፋቱ አይገባም። ጀበናና የሸክላ ድስት በጭራሽ፤ ሸክላ ሳሙናውን ይጠጣል። የአሉሚኒየም ድስት በማሽን ሳሙና ይጠቁራል። ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ስኒ ከጊዜ ጋር ወርቁ ይለቃል፤ ተራውም ስኒ ቀላል ስለሆነ የሚረጨው ውሃ ገልብጦት አፉ ወደ ላይ ሆኖ ቆሻሻ ውሃ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ስኒ በእጅ። በርበሬ የነካው ፕላስቲክም ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ለዚያ መድኃኒት አላገኘሁም።

ሳሙናው ከማሽኑ በላይ ያስወጣል። የማሽን ዱቄት በትልልቅ ሱፐርማርኬት ነው የሚገኘው፣ ከውጭ ስለሚገባም ውድ ነው፤ አንዳንዴም ይጠፋል። በጠፋ ጊዜ የእጅ ፈሳሽ ሳሙና ለመጨመር አትሞክሩ፤ አረፋው ፓምፑን ውሃ ሳይሆን አየር ያስገፋዋል። በውሃው ውስጥ ያለውን ኖራ ለሚያስቀረው የውሃ ማለስለሻ የሚያስፈልገው ጨው ደግሞ ንጹሕና ደቀቅ ያላለ መሆን አለበት። አሞሌ ፈጭቼ ልጨምር ያለኝ ነበር፤ በውስጡ ያለው አፈር ማለስለሻውን ይደፍነዋል። የጉድጓድ ውሃ የሚያገኝ ሰው ጨዉን ካቋረጠ ብርጭቆው ላይ ነጭ ጉም ሲያይ አይግረመው።

ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ቴሌቪዥን ይሸፍናል። የበሩ ላስቲክ ደርቆ በአንድ ጥግ ጠብ ጠብ ይላል፤ የሞዴሉን ላስቲክ አላገኘሁም፣ ከሌላ ማሽን ተቆርጦ የሚገጥም እያፈላለግኩ ነው።

ልትገዙ ከሆነ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ታይመሩ ከቆመ ማሞቂያውን አሳልፋችሁ ሞክሩት፤ ከሄደ ዋጋውን በ«ተበላሸ» ቁጠሩትና ግዙ። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ የሞተሯን ሁለት እግር ለኩ፦ ብዙ ሺህ ኦም ካሳየ ብዙ ጊዜ የደረቀ ግራሶ ነው፣ ምንም ካላሳየ ሽቦዋ ተቆርጧል፣ ሞተሯ ትቀየራለች። ከበሮው ራሱ የተሰነጠቀ እንደሆነ ግን ተዉት። ከሁሉ በፊት ደግሞ የማሽኑን የታች ክዳን አስከፍታችሁ እዩ፤ ወለሉ በዝገት የተበላ ከሆነ የታይመሩን ነገር ማንሳትም አያስፈልግም።