ለጭነት መኪና የኋላ ደኅንነት ካሜራ፣ ሴንሰር ወይስ ጩኸት? ከሱፐርማርኬት ግቢ የተገኘ ንጽጽር

ሁለት ኤን ፒ አር አይሱዙ የጭነት መኪናዎች አሉኝ። ውኃ፣ ዘይት፣ ፓስታና ሳሙና ከመጋዘን እያነሡ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ላሉ ሱፐርማርኬቶች ያደርሳሉ። በዚሁ ሥራ የተሰማሩ ወዳጆቼ ባለፈው አንድ ዓመት ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለኋላ ምን ላስገጥም? ካሜራ፣ ሴንሰር ወይስ ያ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ብቻ ይበቃል?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ። ወገንተኝነቴንም አልደብቅም፤ እኔ በሽቦ የሚገናኝ ካሜራ ደጋፊ ነኝ፣ በሽቦ አልባው ላይ ደግሞ ቂም ይዣለሁ።

የቂሙ መነሻ ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለአንደኛው መኪና ሽቦ አልባ ካሜራ ከነማሳያው በ3,800 ብር ገዛሁ። ሻጩ ሻንሲ (የመኪናው የታችኛው የብረት አካል) ሥር ሽቦ መዘርጋት ስለሌለ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው አለኝ፤ በእርግጥም በግማሽ ሰዓት አለቀ፣ ለገጣሚውም 600 ብር ከፈልሁ። ለጥቂት ወራት ደኅና ሠራ። ከዚያ በኋላ መኪናው ሱፐርማርኬት ግቢ በገባ ቁጥር ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር። እንዲህ ያሉት ካሜራዎች አብዛኞቹ ምስሉን የሚልኩት ዋይፋይ በሚሠራበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቢሮና ሱቅ የሞላበት ሕንፃ ሥር ሲገቡ ያ ሞገድ ከግቢው ራሱ በባሰ ሁኔታ የተጨናነቀ መሆኑን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። አስተላላፊውን በ1,400 ብር፣ ማሳያውን በ2,200 ብር አስቀየርሁ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሽከርካሪዬ ማሳያው ላይ ባዶ ግቢ እያየ ወደ ኋላ ሲመጣ፣ የሚያየው ከጥቂት ሰከንዶች በፊት ደርቆ የቀረ ምስል ነበር። አንዲት እናት የዕቃ መግፊያ ጋሪዋን ከእኛ መኪና ኋላ አቁማ የራሷን መኪና የኋላ በር ለመክፈት ዞር ብላ ስለነበር የተጨፈለቀው ጋሪው ብቻ ነው። ልጇ በክንዷ ላይ ነበር፤ ጋሪው ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ወኔ የሚኖረኝ አይመስለኝም።

ለጋሪው 9,000 ብር፣ ለተበላሸባት ዕቃ 2,340 ብር ከፈልሁ። ለካሜራውና ለጥገናው ቀደም ሲል ከወጣው 8,000 ብር ጋር ሲደመር «ርካሹ» ዕቃ 19,340 ብር ወሰደብኝ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በምትኩ ያስገጠምሁት ባለ ሽቦ ካሜራ ከባለ 7 ኢንች ማሳያው ጋር 11,800 ብር፣ የኤሌክትሪሺያን 1,500 ብር፣ ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ 450 ብር፣ በጠቅላላው 13,750 ብር ነው የወጣበት። የሁለቱን ዋጋ ስታነጻጽሩ አንድ ነገር አትርሱ፤ በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቅቆ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ያ የ3,800 ብር ካሜራ ዛሬ በዚያ ዋጋ አይገኝም፤ ከተገኘም ሊያስደነግጣችሁ ይገባል።

የማራገፊያው ቦታ ከቀድሞው ይልቅ ለምን እንደጠበበ ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶ በዋና ዋና መንገዶች ዳር መቆምን ካስቀረ ወዲህ፣ እኛ በምናደርስባቸው ብዙ ቦታዎች አስፋልት ዳር ቆሞ ይራገፍ የነበረው ጭነት ወደ ሕንፃው ግቢ ገብቷል። ግቢው ደግሞ ለአሥር ለአሥራ አምስት የቤት መኪና የታሰበ ነው፤ አንድ አይሱዙ ገብቶ የሚዞርበት ስፋት የለውም። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ የጭነት መኪና እንቅስቃሴ ሲገደብ የምንደርሰው ረፋድ ላይ ይሆናል፤ ሸማቹም የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነው። ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ በማለዳ ማራገፍ ምንም ብር የማያስወጣ መፍትሔ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ሞክሩት።

አሁን ወደ ጩኸቱ ልምጣ። ሶማሌ ተራም ሆነ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሸጠው «ፒፕ ፒፕ» የሚለው ዓይነት እኔ በገዛሁበት ጊዜ 900 ብር ነበር። በዚህ ዋጋ ምንም ከሌለው መኪና የሚሻል መሆኑን አልክድም። ችግሩ ድምፁ ባለ አንድ ቃና መሆኑ ነው። የሰው ጆሮ እንዲህ ያለ ቀጭን ጩኸት ሲሰማ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል፤ ምድር ቤት ባለ ማቆሚያ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ይመስላል። ሸማቾች ጩኸቱን ሰምተው ቀና ሲሉ፣ ግራና ቀኝ ሲያዩ፣ ከዚያ ወደ መኪናው አቅጣጫ አንድ እርምጃ ሲወስዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ዜማ የሚጫወቱትንና በእንግሊዝኛ የሚናገሩትንማ ሰው እንደ ማስታወቂያ ለምዷቸዋል፤ ዞር ብሎ የሚያያቸውም የለም። ሌላው ጣጣ የጎረቤት ምሬት ነው፤ ማለዳ ላይ ሲጮኽ ፎቁ ላይ ያለው ነዋሪ ይቆጣል፣ ጥበቃው አሽከርካሪውን ይወቅሳል፣ አሽከርካሪው በሚቀጥለው ቀን ሽቦውን ይበጥሰዋል። እኔ ያገኘሁት በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

ከዚህ የተሻለው የተበላሸ ሬዲዮ የሚመስል የ«ሽሽሽ» ድምፅ የሚያወጣው ነው። ብዙ ቃናዎችን በአንድነት ስለያዘ ጆሮ አቅጣጫውን በቀላሉ ይለያል፣ ከመኪናው ኋላ ካለው ቦታ ራቅ ሲሉም ቶሎ ስለሚደበዝዝ ጎረቤትን ያን ያህል አያስቆጣም። እኔ ስፈልገው ግን በሱቆቹ አጥቼ አንድ ዘመድ ከዱባይ በ70 ዶላር አመጣልኝ፤ በጊዜው ምንዛሪ 9,600 ብር ገደማ ማለት ነው። ለአንድ ድምፅ ማውጫ ይህን ያህል መክፈል ከብዶኝ ሁለተኛውን መኪና በ900 ብሩ ትቼዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ ጥቂት ኀፍረት ይሰማኛል። ያም ሆነ ይህ ሁለቱም ዓይነት ጩኸት አንድ የጋራ ድካም አለበት፤ የመሸሹን ኃላፊነት የሚጥለው በሸማቹ ላይ ነው። ጆሮው የደከመ አዛውንት፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሰካ ወጣት፣ የሦስት ዓመት ሕፃን ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ካሜራን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት የማየቱን ግዴታ መኪናውን ለሚያንቀሳቅሰው ሰው መመለሱ ነው።

ሴንሰሩን በፍጥነት ልለፈው። ባለ አራት ዓይኑን በ4,200 ብር ገዝቼ በ1,000 ብር አስገጥሜ ነበር። የሚሠራው ሰው በማይሰማው ድምፅ ገደል ማሚቶ ነው፤ ለቤት መኪና ተብሎ የተሠራው አብዛኛው ጊዜ ማስጠንቀቅ የሚጀምረው ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ሲቀር ነው። አሁን ሒሳቡን ሥሩ። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 1.4 ሜትር ይጓዛል፤ አሽከርካሪው ሰምቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት ከሁለት ሜትር በላይ ሄዷል። የሽቦ ጋሪ ደግሞ ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ ድምፁን በደንብ አይመልስም፤ ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሰውም ድምፁን ይውጠዋል። በጠባብ ግቢ ውስጥ በተቃራኒው ለግድግዳውም ለብረት አጥሩም ያለማቋረጥ ስለሚጮህ አሽከርካሪው በሳምንቱ መስማት ያቆማል። አንዱ ዓይን በክረምት ጭቃ ሲበላሽም ለብቻው የሚሸጥ ባለማግኘቴ ሙሉውን ዕቃ እንደገና ልገዛ ሆነ። አልገዛሁም።

ባለ ሽቦው ካሜራም ቢሆን ያለ መከራ አልተገኘም፤ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። የእኛ መኪናዎች ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮላቸው በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ሞተር ሲነሣ ደግሞ ኃይሉ ወደ 28 ቮልት ይጠጋል። ገበያው ውስጥ ካለው ካሜራ ብዙው ለቤት መኪና የተሠራ ባለ 12 ቮልት ሲሆን፣ አስመሳዩ ላይ ግን «ከ12 እስከ 24 ቮልት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የመጀመሪያው ባለ ሽቦ ካሜራዬ በሁለተኛው ቀን ጢሱ ወጣ። ውኃ አያስገባም የሚለውም ጽሑፍ እንዲሁ ነው፤ የጀርባውን ክዳን በጥፍሬ ስገፋው የተላቀቀ «ኦርጅናል» አጋጥሞኛል፤ በሐምሌ ዝናብ ውስጡ ጉም ሞልቶ ሸማቹን እንደ ጥላ ብቻ ያሳይ ነበር።

የእይታ ስፋት ላይም አትታለሉ። 170 ዲግሪ የሚለው ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ሻጭ ይወደዋል፤ ነገር ግን ምስሉን እያጠፈ ሦስት ሜትር ላይ የቆመን ሰው ክብሪት እንጨት ያሳክለዋል። ለእኔ 120 ዲግሪ አካባቢ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሚተከልበት ቦታ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) አናት መሃል ላይ ሆኖ ወደ ታች ያዘነበለ፣ በማሳያው ግርጌ የመኪናው የኋላ ጠርዝ ራሱ የሚታይ መሆን አለበት። ታርጋው አጠገብ የተተከለ ካሜራ በክረምት ጭቃ ይለብሳል፣ ከዚያም በላይ ከጎን እየመጣ ያለውን ሰው አያሳይም። ምስሉ እንደ ስፖኪዮ ግራውን በግራ ማሳየቱንም አረጋግጡ፤ ያልተገለበጠ ምስል አሽከርካሪው ከሰው ሲሸሽ ወደ ሰው እንዲጠመዝዝ ያደርገዋል። ማሳያው ላይ የሚሣሉት ቀይና ቢጫ መስመሮች ለቤት መኪና የተለኩ ስለሆኑ ኤሌክትሪሺያኑ ያጥፋላችሁ።

ሽቦው የሚበላሸው በአብዛኛው ጋቢናው ለጥገና በሚነሣበት መታጠፊያ ላይና ሻንሲው ጠርዝ ላይ ሲፋቅ ነው። ለዚህ ነው 450 ብሩን ለቱቦ ያወጣሁት። ማያያዣው ጠመዝማዛ የሆነውን ዓይነት ከገዛችሁ ገመዱን ብቻ፣ ወይም ካሜራውን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ተቆርጦ በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ግን ከአንድ ክረምት አያልፍም። ካሜራውም ጩኸቱም የሚነሡት ከኋላ ማርሽ መብራት መስመር ስለሆነ፣ ማርሽ ሳጥኑ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ስትሞት መብራቱም ካሜራውም ጩኸቱም አብረው ይሞታሉ። አንድ ወዳጄ ይህን ሳያውቅ «ካሜራው ተቃጠለ» ተብሎ አዲስ ገዝቷል፤ የሞተችው ማብሪያዋ ነበረች።

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተኝም ብሎ እንዳያስብ ልጨምር። የአሜሪካ ሕግ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መኪና ላይ የኋላ ካሜራን ግዴታ ሲያደርግ የተመለከተው አጠቃላይ ክብደታቸው እስከ 4,536 ኪሎ ግራም የሆኑትን ነው፤ የእኛን ዓይነት የጭነት መኪና አልነካም፤ ስለዚህ መኪናው አዲስ መሆኑ ብቻ ካሜራ አለው ማለት አይደለም።

ረዳቱንስ? ካሜራው ከተገጠመ በኋላ የረዳት ደመወዝ ለማትረፍ ያሰበ ወዳጅ አለኝ፤ በዚህ አልስማማም። ካሜራ ከቆሙ ሁለት መኪናዎች መካከል ሮጦ የሚወጣን ሕፃን ቀድሞ አያይም፣ ረዳት ግን ያያል። ነገር ግን ረዳት ማለት ከኋላ ሆኖ «ና፣ ና፣ ና» የሚል ሰው ብቻ አይደለም። ጥበቃው «ግራ ስበር» ሲል፣ የፓርኪንጉ ልጅ «ቀኝ ስበር» ሲል፣ ረዳቱ «በቃ!» ሲል አሽከርካሪው የማንን ይስማ? እኛ ዘንድ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ይለብሳል፣ በአሽከርካሪው በኩል ባለው ስፖኪዮ ውስጥ በሚታይበት ጎን ይቆማል፣ ከመኪናው ኋላ ፈጽሞ አይገባም። አሽከርካሪው እሱን ከመስታወቱ ካጣው በዚያው ይቆማል። ሰደርያው 350 ብር ነው የፈጀው፤ ከገዛኋቸው ሁሉ ወጪው ያላስቆጨኝ እሱ ነው።

ለመግዛት ስትሄዱ ሁለት ባትሪ ያለው ሱቅ ፈልጉ፣ ወይም መኪናችሁን በር ላይ አቁማችሁ ሞተር አስነሥታችሁ ካሜራውን እዚያው አሠሩት። አሥራ አምስት ደቂቃ ይሥራ፤ ጀርባውን በእጃችሁ ዳስሱት፣ መለብለብ ከጀመረ መልሱለት። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጡና ካሜራውን ከነሽቦው ንከሩት። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ወዳጄ አብሬው ሄጄ ይህን ስጠይቅ ሻጩ «ጋሼ፣ ካልገዙት አላረጥበውም» አለኝ፤ እኛም ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄድን፤ እዚያ ያለው ልጅ ሳይጠየቅ ውኃውን ራሱ ቀዳልን፣ በ12,600 ብርም ገዛነው።