ለኢንቨርተር የሚሆን ኬብል፦ ከደሴ ገዝቼ ኮምቦልቻ ዘረጋሁት

ኮምቦልቻ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። አምና በአንድ 22 ኪሎዋት ሞተር ላይ ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ገጠምን። ከፓኔሉ እስከ ሞተሩ 40 ሜትር አለ። እኔም መጋዘን ያገኘሁትን ተራ የፒቪሲ ኬብል ዘረጋሁ። ኬብል ያው ኬብል ነው ብዬ።

ሞተሩ ተነሳ። የጎተራው ሴንሰር ግን አበደ። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሙሉ ነው ይላል፤ ሞተሩን ሳጠፋው ይረጋጋል። ሁለት ሴንሰር በከንቱ ቀየርኩ። በሰባተኛው ወር ሞተሩ ይጮህ ጀመር። ኩሽኔታውን ፈትቼ ሳየው፣ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ቀለበት ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ መስመሮች አሉ። ግራሶውም ከሰል መስሏል። ኩሽኔታው ውስጥ ከረንት ሲያልፍ ከርሟል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንቨርተር 380 ቮልቱን ወደ 540 ቮልት ገደማ ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) ይለውጥና በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ይልከዋል። ኬብሉ ሲረዝም ቮልቴጁ ሞተሩ ጋ ደርሶ ይነጥራል፤ ከ1000 ቮልት በላይ ሊዘልም ይችላል። ከዚያ ላይ የሚያፈተልከው ከረንት መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። ጥሩ መንገድ ካላገኘ በኩሽኔታውም በሴንሰሩ ሽቦም ይሄዳል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ገና ኬብል ስል «ጋሼ፣ ለኢንቨርተር ነው?» አለኝ። እዚያው ወደድኩት። ጫፉን ልጦ አሳየኝ። ሦስት ወፍራም ፌዞች፣ በመካከላቸው እኩል የተከፋፈሉ ሦስት ቀጫጭን ኧርዞች፣ ከላይ ፎይል፣ ከፎይሉ ላይ የተጎነጎነ መዳብ። ለከረንቱ መመለሻ መንገድ የሚሆኑት ኧርዞቹና ሺልዱ (ፎይሉና መዳቡ) ናቸው። የፌዞቹ ልባስ ፒቪሲ ሳይሆን ኤክስኤልፒኢ የሚባል ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ነው። ዋጋው ከተራው ከእጥፍ በላይ ነው። አለቃዬ ደረሰኙን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

ቅሬታዬ አንድ ነው። መዳቡን ዙሪያውን ጨብጦ ከፓኔሉ ጋር የሚያገናኘው የብረት ግላንድ ሱቁ ውስጥ የለም። «መዳቡን ጠምዝዘህ ኧርዝ ላይ እሰረው» አለኝ። አይ ልጄ! እንዲያ ከታሰረማ ሺልዱ በዚያ ፍጥነት ለሚቆራረጥ ከረንት ብዙም አይረባም። ግላንዱን ከአዲስ አበባ እስካስመጣ ሁለት ሳምንት ኬብሉ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ከሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው።

በሞተሩም በፓኔሉም በኩል በግላንድ አሰርኩት፤ የሴንሰሩንም ሽቦ ከኬብሉ አርቄ ዘረጋሁት። ሴንሰሩ ያን ቀን ዝም አለ፤ እስካሁንም ደህና ነው። ስለ ኩሽኔታው ግን ገና አልፈርድም፤ አዲሱ ከገባ ሦስት ወሩ ነው። ኬብሉ ብቻውን ሁሉንም የኩሽኔታ ከረንት አያስቀርም፤ ትልልቅ ሞተሮች አንዱን ኩሽኔታ ኢንሱሌትድ (ከረንት የማያሳልፍ) ማድረግ ይፈልጋሉ። ለጊዜው በየሳምንቱ እሁድ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ደግፌ አዳምጠዋለሁ።

ለሚቀጥለው ሞተርም ከዚያው ልጅ እገዛለሁ፤ ግላንዱን ግን አስቀድሜ አዝዣለሁ።