የዓሣ ገንዳን ውሃ በራሱ የሚሞላው መሣሪያ፦ አንድ በጋና አንድ ክረምት አብሬው ከርሜ

ይህ ጽሑፍ ቤታቸው አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ላላቸው ሰዎች ነው። በተለይ የባሕር ውሃና ኮራል (ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር እንስሳ) ላስገቡ፣ በዚያ ላይ መብራት በፈለገው ሰዓት በሚሄድበት ከተማ ለሚኖሩ። እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ከሥሬ የሚኖሩት እናት ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ ያ ባሕርህ ደህና አደረ?» ይሉኛል። ቀልድ ይመስላል እንጂ የእኔ ወለል የእሳቸው ጣሪያ ነው።

መሣሪያው «አውቶ ቶፕ ኦፍ» ይባላል፣ ባጭሩ ኤቲኦ። ከገንዳው በትነት የጎደለውን ውሃ በራሱ ይተካል። የእኔው የቻይና ሥሪት ነው። ያንኑ ዕቃ በተለያየ ስም ስለሚሸጡት ስሙን መጥራት ብዙም አይጠቅማችሁም። ከውስጡ የሚወጣው አንድ የብርሃን ሴንሰር፣ አንድ ተንሳፋፊ፣ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ፣ ቀጭን ጎማና ሲቸግረው የሚጮህ ሳጥን ነው።

ለምን አስፈለገ? ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። ውሃው በጎደለ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል፣ ኮራል ደግሞ ይህን አይወድም። ስለዚህ የሚጨመረው ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የእኔ ገንዳ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ይጠጣል። ክረምት ሲገባ ግማሹንም አይጨርስም። በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራ ፓምፕ ቢሆን ኖሮ በሚያዝያ የተለካለትን በነሐሴም ያንቆረቁረው ነበር። ይሄኛው የሚያየው ሰዓቱን ሳይሆን የውሃውን ከፍታ ነው። በዚህ በኩል አንጀቴን አርሶኛል። ጨውነቱ ከ35 (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው) ብዙም አልራቀም፣ በጆግ እየለካሁ መጨመሩም ቀርቶልኛል።

ግን ኤቲኦ ገዝቶ «ከእንግዲህ ጎርፍ የለም» ብሎ መተኛት አይቻልም። ገንዳ የሚሞላ ዕቃ ገንዳ ሊያፈስም ይችላል። ወለሉን የሚያድነው ዕቃው ሲበላሽ ሊፈስ የሚችለው ውሃ ማነሱ ነው። ይህን በቁጥር ላሳያችሁ።

የእኔ ገንዳ 120 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከፍታው 50። ከሥሩ ሰምፕ የሚባል ሁለተኛ ገንዳ አለ። ውሃው ከላይ ጥርስ ጥርስ ባለው ኦቨርፍሎው በኩል ወደ ሰምፑ ይወርዳል፣ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። አንድ ጓደኛዬ ኦቨርፍሎውን «ትንሿ ጨራጨራ» ይላታል፣ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ውሃውን በምትለካው ግድብ ስም። አልተሳሳተም፤ የላይኛው ውሃ ከፍታ የሚወሰነው እሷ ጋ ነው።

መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፣ የላይኛው ውሃ ግን መውረዱን ይቀጥላል። እኔ ጋ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። 120 በ50 በ3 ስታባዙት 18 ሊትር ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለውም ይጨመርበታል። ሰምፑ ሁልጊዜ ይህን የሚያህል ባዶ ቦታ ከሌለው መብራት በሄደ ቁጥር ወለሉ ይታጠባል። እዚህ ከተማ ደግሞ ይህን ለመፈተን ቀን መቅጠር አያስፈልግም፣ መብራቱ ራሱ ይፈትንላችኋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሃ የሚመለስበት ቧንቧ አፉ በጣም ጠልቆ ከገባ ፓምፑ ሲቆም ወደ ኋላ ይስባል፣ እስከ አፉ ድረስ ገንዳውን ያራቁተዋል። ብዙዎች ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ያስገቡና ይረሱታል። ቫልቩ ውስጥ ጨውና ኖራ ሲጋገር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የሚሻለው አፉን ወደ ላይ ማምጣት፣ ወይም ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ አየር የሚስብ ቀዳዳ መብሳት ነው። ቀዳዳዋን አልጌ ይደፍናታልና በጥርስ መጎርጎሪያ ጠርጉላት።

ወደ ኤቲኦው ልመለስ። የውሃውን ከፍታ የሚያየውም ውሃ የሚጨምረውም ሰምፑ ውስጥ ነው። የብርሃን ሴንሰሩ አሠራሩ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ያለው ብርጭቆ አየር ላይ ሲሆን የላከው ብርሃን ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ውሃ ሲነካው ብርሃኑ ያመልጣል። አልጌ ከሸፈነው ወይም የጨው ቅርፊት ከያዘው ግን ይደናገራል። አንድ ቀን ሲጮህ ሄጄ ሳየው ቀንድ አውጣ ሙሉ እግሯን ጫፉ ላይ ለጥፋ ተኝታለች። አነሳኋት፣ በማግስቱ ተመልሳ መጣች። አሁን ዙሪያውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ አልብሼዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ በኮምጣጤ እጠርገዋለሁ። ተንሳፋፊው ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ለክፉም ለደጉም የሚሆን መጠባበቂያ ነው። እሱም ጨው ሲይዘው ይጣበቃል፣ በጣት ከፍ ዝቅ እያደረጉ ማየት ነው።

የፓምፑን ጎማ ጫፍ ውሃ ውስጥ አትንከሩት። የንጹሕ ውሃው ማጠራቀሚያ ከሰምፑ ውሃ ከፍ ካለ ፓምፑ ከቆመም በኋላ ውሃው በራሱ መሳቡን ይቀጥላል። ጫፉ ከውሃው በላይ አየር ላይ ይንጠልጠል። ፋብሪካው የሰጠው ማያያዣ ግን ልፍስፍስ ነው። ወርውሬው ጎማውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።

ማጠራቀሚያውስ? «ትልቅ ሮቶ አገናኝበትና ተገላገል» የሚል ምክር ሰምቻለሁ። አይሆንም። እኔ ጋ በአጠቃላይ 350 ሊትር ያህል የባሕር ውሃ አለ። 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ በስህተት ቢገባበት ጨውነቱ ከ35 ወደ 34 ገደማ ይወርዳል፣ ማንም አይሞትም። 100 ሊትር ቢገባበት ወደ 27 ይወርዳል፤ ያኔ ወለሉም ኮራሉም ሄደ። ስለዚህ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ነው ያለኝ። ሚያዝያ ላይ በየሁለት ቀኑ እሞላዋለሁ። ይህ ያሰለቻል፣ አልዋሽም። ግን እንቅልፍ እተኛለሁ።

የዚህ ሒሳብ ጥቅም የታየኝ ኦቨርፍሎው ሲደፈን ነው። ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ጮኸ። የላይኛው ገንዳ ውሃ ከጠርዙ ሊገናኝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው የቀረው። ጎንበስ ስል ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ያለበት የሰምፑ ክፍል ባዶውን ቀርቷል፣ ፓምፑም አየር እየሳበ ያንኮራፋል። መውረጃው ቱቦ አፍ ላይ ያቺው ቀንድ አውጣ ከአልጌ ቁራጭ ጋር ተወትፋለች። ነገሩ ምን መሰላችሁ? መውረጃ ሲደፈን ውሃው ላይ ይቀራል፣ ሰምፑ ይጎድላል። ኤቲኦው ይህን እንደ ትነት ስለሚያየው ውሃ ይጨምራል፤ የጨመረው ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል። ጎርፉን ራሱ ይመግበዋል ማለት ነው። የፓምፑ ክፍል 12 ሊትር ይይዛል፣ ከላይ እስከ ጠርዝ ያለው ባዶ ቦታ 18 ሊትር ነው። መሣሪያው 3 ሊትር ገደማ ከጨመረ በኋላ «በቃኝ» ብሎ ይቆማል፣ ይጮሃል። 15 ሊትር ብቻ ስለሆነ አልፈሰሰም። ጀሪካኑን እስከ መጨረሻው ቢያንጠፈጥፈው ኖሮ 22 ይሆን ነበር። አሁን ኦቨርፍሎው ላይ ወንፊት አለ፣ ሁለተኛ የመጠባበቂያ መውረጃም አስበስቻለሁ።

ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። ይህ ዕቃ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉንም ይረሳል። «በቃኝ» ብሎ ከቆመ በኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ እንደ አዲስ ጀምሮ ሌላ 3 ሊትር ይጨምራል። አውሮፓ ተቀምጦ ለሚጠቀምበት ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እዚህ ግን መብራት በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያስቀጥለው ማለት ነው። ሳጥኑን በእሱ ላይ ሰካሁት፣ ከዚያ ወዲህ ማስታወሻው አልጠፋም።

ባትሪ ካነሳን አይቀር፣ ሌላ ባትሪ ገዝታችሁ በአየር ፓምፕ ላይ አውሉት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ፓምፑ ሲቆም የእኛ ዓሦች ቶሎ ይታፈናሉ። ዲቫይደሩንም ከሰምፑ በላይ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይርገብ፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ እዚያው ይንጠባጠብ። የጨው ውሃና 220 ቮልት ቀልድ አያውቁም።

እና ልግዛው? ጉዞ የምትወጡ ከሆነ፣ ወይም በየቀኑ መሙላት ከሰለቻችሁ፣ አዎ። ሁለት ሴንሰር ያለው፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱን የሚያጠፋ ይሁን። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለው በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ስታስመጡ ትርፍ ፓምፕ አብራችሁ አስጭኑ። የኔው ክረምቱ ሳይወጣ ድምፁ ተለወጠ፣ ገበያ ወጥቼ ልኩን አጣሁ። ትርፍ ሴንሰር ግን አያስፈልግም፣ በኮምጣጤ ካጠቡት ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል።